ያመለጠች ታራንቱላ ቤት ውስጥ የት ትደበቃለች? እንዴትስ በሕይወት ትገኛለች?

እናት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ከትንሽነቷ ጀምሮ ተንከባክቦ ያሳደጋት፣ የቺሌ ሮዝ የምትባለዋ ታራንቱላ (ፀጉራም ትልቅ ሸረሪት) ባለፈው ሳምንት መጨረሻ ከሳጥኗ ወጥታ እስካሁን አልተገኘችም። ሳጥኑ የመስታወት ሲሆን ክዳኑ በጨርቅ መሰል ወንፊት የተሸፈነ ነው። ልጄ ጠዋት ውሃ ሊቀይርላት ሲሄድ የወንፊቱ አንድ ማዕዘን ተበጥሶ አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተፈጥሮ አገኘ፤ የቀዳዳው ጠርዝ በስለት የተቆረጠ አይመስልም፣ እንደተኘከ ሁሉ ፈትሉ ተንጨባርሯል። አፈሩን በማንኪያ ቀስ እያለ ገልብጦ አይቷል፤ የምትጠለልበትን የዛፍ ቅርፊትም አንሥቷል፤ በውስጡ የለችም።

የምንኖረው አፓርትመንት ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከአገር ቤት ሊጠይቁን የመጡት እናቴ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ገና የሚድህ ሕፃንም አለን። እናቴ ሸረሪቷን ከመጀመሪያውም አልወደዷትም፤ አሁን ደግሞ ጋቢያቸውን ሳያራግፉ አይለብሱም፣ ሌሊት ሲነሡም መብራት ካልበራላቸው እግራቸውን ወለል አያስነኩም። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ እኔም ሕፃኑን መሬት ማስቀመጥ ትቻለሁ። በሌላ በኩል ልጄ በወጉ አይበላም፣ አይተኛምም፤ ሸረሪት ናት ብሎ ሐዘኑን ማቃለል አልሆነልኝም።

በዚህ ላይ የሕንፃው አስተዳደር በየጊዜው የበረሮ መድኃኒት የሚረጭ ሠራተኛ የሚልክ ሲሆን የሚቀጥለው ርጭት በቅርቡ እንደሚካሄድ የሚገልጽ ወረቀት በራችን ላይ ተለጥፏል። አንዳንድ ጎረቤቶቼ «ይረጭና ተገላገሉ» ይሉኛል። እኔ ግን በሕይወት እንድትገኝ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብትመልሱልኝ፦ ታራንቱላ ከሳጥኗ ስትወጣ ብዙውን ጊዜ የት ትሄዳለች? ሳትበላና ሳትጠጣ ምን ያህል ትቆያለች? ለሕፃኑና ለእናቴስ ምን ዓይነት ጥንቃቄ ላድርግ?

ሸረሪት አርቢ፣ ሲያትል

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያረጋጋችሁ። ከፍለጋው አስቀድሞ ርጭቱን ያስቁሙ። ለበረሮ የሚረጩት ብዙዎቹ መድኃኒቶች ፓይሬትሮይድ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ የሚገድሉት ነርቭን በማወክ ስለሆነ በረሮን ከሸረሪት አይለዩም፣ ከደረቁ በኋላም በተረጩበት ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ መርዝነታቸው አይለቅም። ሠራተኛው መድኃኒቱን የሚረጨው የግድግዳውን ግርጌ ተከትሎ ነው፤ ታራንቱላም ክፍት ወለል አቋርጣ ከመሄድ ይልቅ የምትመርጠው ያንኑ የግድግዳ ግርጌ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ በዚህ ዙር እንዲታለፍ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ከዚያ በፊት ግን በኪራይ ውላችሁ ውስጥ ስለ እንስሳ የተጻፈውን ማንበብ ይጠቅማል። የግድ ነው ካሉ ደግሞ በርጭት ፈንታ ስንጥቅ ውስጥ ብቻ የሚቀባውን ጄል እንዲጠቀሙ ይጠይቁ። ሸረሪቷ ጄሉን አትበላም፤ ሆኖም የተመረዘ በረሮ ልትበላ ስለምትችል ይህም ቢሆን ሁለተኛ አማራጭ ነው።

ስለ መደበቂያዋ፦ የቺሌ ሮዝ በአገሯ በቺሌ ደረቅ ምድር ላይ በጉድጓድ ውስጥ የምትኖር፣ ብዙም የማትሮጥ ፍጥረት ናት። ጉድጓድ ስታጣ የምትፈልገው ጉድጓድ የሚመስል ነገር ነው፤ ማለትም ጨለማ የሆነ፣ ጠባብና ገላዋን ከግራና ከቀኝ የሚነካ ቦታ። ስለዚህ መጀመሪያ ሳጥኑ ያለበትን ክፍል ጨርሱ። ሳጥኑ የተቀመጠበት መደርደሪያ ጀርባ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያና ግድግዳ የሚገናኙበት ስንጥቅ፣ የአልጋው ጣውላ የታችኛው ገጽ፣ ወለል የሚነካ መጋረጃ እጥፋት፣ ጫማ፣ የልብስ ክምር፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፤ እነዚህ ሁሉ በእጅ ሳይሆን በዓይን ይፈተሹ። ልብሱንና ጫማውን አንድ በአንድ እያነሡ፣ ወደ ወለሉ ተጠግተው ቀስ ብለው ያራግፉ። ከዚያ እርጥበትና ሙቀት ወዳለበት ይለፉ፤ የእጅ መታጠቢያው ሥር፣ የልብስ ማጠቢያው ጀርባና ሞተሩ ወለሉን የሚያሞቅበት የፍሪጅ ኋላ ሊታዩ ይገባል።

ሶፋና አልጋ ጎትታችሁ አታንቀሳቅሱ፤ አራት ሆናችሁ አንሡት። ከሥሩ ተጣብቃ ከሆነ ስትጎትቱት ትጨፈለቃለች፤ እየፈለግናት በገዛ እጃችን መግደል ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ቫኪዩምም ለጊዜው ይቅር። ታራንቱላ ስምንት ዓይን ቢኖራትም የምትታመነው በዓይኗ ሳይሆን በእግሮቿ ፀጉር በኩል በምታዳምጠው ንዝረት ነው፤ ቤቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የበለጠ ወደ ውስጥ ትገባለች።

ዋናው ፍለጋ የሌሊት ነው። በሮችን ዝጉና ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በተጠቀለለ ፎጣ ድፈኑ፤ እንዲህ ካደረጋችሁ አንዱን ክፍል ስትፈትሹ ወደ ሌላው አትሻገርም። መብራቱ ጠፍቶ ቤቱ ጸጥ ካለ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በባትሪ ግቡ። ሸረሪቶች ቀይ ብርሃንን በደንብ ስለማያዩት የባትሪውን ፊት በቀይ ፌስታል ሸፍናችሁ በላስቲክ እሠሩት። ባትሪውን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከወለሉ ጋር አስተካክላችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ ብርሃኑ በወለሉ ላይ ሲተኛ ትንሽ እግር እንኳ ረጅም ጥላ ስለሚጥል ቆሞ የሚፈልግ ሰው የማያየውን ታያላችሁ። መደበቂያ ያደረገችው ስንጥቅ አፍ ላይ ስስ ነጭ ድር ልታገኙም ትችላላችሁ፤ ያ አቧራ የሌለበት አዲስ ድር ከሆነ እዚያው ጠብቁ።

ቀን ቀን ደግሞ ሌሊት የት እንደምትመላለስ ለማወቅ በየበሩ ደፍ ላይ ስስ የስንዴ ዱቄት ነስንሱ፤ ጠዋት ላይ ዱካዋን ታነባላችሁ። በአንድ ጥግ ላይ ካርቶን ገልብጣችሁ ከጎኑ ትንሽ በር ቅደዱለትና ከውስጡ ውሃ የያዘ ቆርኪና የረጠበ ስፖንጅ አስቀምጡ። ረሃቡ አያሳስባችሁ፤ ይህ ዝርያ በሳጥኑ ውስጥም እያለ ለወራት ምግብ እምቢ በማለት የታወቀ ነው። የሚገድላት ጥማት ነው። እግሮቿን የምትዘረጋው በገላዋ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ግፊት ስለሆነ ውሃ ሲያልቅባት እግሮቿ ከሆዷ ሥር ይታጠፉና መንቀሳቀስ ያቅታታል።

በጀርባዋ ተንጋልላ ካገኛችኋት ሞተች ብላችሁ አትጣሏት። ታራንቱላ ቅርፊቷን የምትቀይረው ተንጋልላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ገላዋ ለስላሳ ስለሆነ ማንም አይንካት፤ በላይዋ ሳጥን ደፍታችሁ ጠብቁ። ቆማ ካገኛችኋት ደግሞ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ድፉባትና ወፍራም ወረቀት ከሥሩ አሳልፉ። በእጅ አንሥቶ መሸከም አይገባም፤ ከወገብ ከፍታ ብትወድቅ እንኳ ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል።

ነርስ፣ ሚኒያፖሊስ

እኔ ስለ ሸረሪት ርባታ ብዙም አላውቅም፤ ስለ ሕፃኑና ስለ እናትዎ ግን ልመልስ። በታራንቱላ ንክሻ ሰው ስለመሞቱ የተረጋገጠ መረጃ የለም። የቺሌ ሮዝ ብትነክስ ሕመሙ በአብዛኛው ከንብ ንድፊያ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ እናትዎ ከዚህ በፊት ለንብ ንድፊያ የከፋ አለርጂ ኖሯቸው ከሆነ ግን ለይቶ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፀጉሯ ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ አህጉራት ታራንቱላዎች ሲሸበሩ በኋላ እግራቸው ሆዳቸውን እያሹ ዓይን የማይለየው ጥቃቅን ፀጉር ያበንናሉ። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በ2009 እ.ኤ.አ. ዓይኑ ለሳምንታት ቀልቶና አልቅሶ ሐኪም ዘንድ የቀረበ ሰው ነበር፤ ሐኪሞቹ በማጉያ ሲያዩ በዓይኑ ብሌን መስታወት ላይ የተሰኩ ስስ ፀጉሮች አገኙ። ሰውየው ሳጥን ሲያጸዳ የቺሌ ሮዝ ታራንቱላው ፀጉሯን ፊቱ ላይ አብንናበት ነበር። ስለዚህ የሚፈልጋት ልጅ መነጽር ያድርግ፣ ጓንት ያጥልቅ፣ ፊቱን ወደ ስንጥቅ አስጠግቶ አይይ። ፀጉሩ ቆዳ ላይ ካረፈ ፕላስተር ለጥፎ መንቀል፣ ከዚያም በውሃ መታጠብ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ማሸት ክልክል ነው፤ በብዙ ውሃ አጥቦ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ሕፃኑን እስክትገኝ ድረስ በተፈተሸና በሩ በፎጣ በተዘጋ ክፍል ብቻ አስድሁት፤ አልጋውንም ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጉ፣ የተንጠለጠለ ብርድ ልብስ ወለል እንዳይነካ። የሚያጠራጥር ነገር ከገጠማችሁ በመላው አሜሪካ በማንኛውም ሰዓት ያለ ክፍያ የሚመልሰው የመርዝ መረጃ ማዕከል ስልክ 1-800-222-1222 ነው፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

ከሽቱትጋርት

ከሲያትል የጻፉት ወንድማችን የሰጡት ምክር ለመሬት ሸረሪት ትክክል ነው፤ ይህን ገጽ ወደፊት የሚያነብ ሰው ግን ሁሉም ታራንቱላ እንዲሁ ነው ብሎ እንዳይወስድ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ የማሳድገው ፔሲሎቴሪያ ሬጋሊስ የምትባለውን የሕንድ ዝርያ ነው። እሷ በዛፍ ፍንቃቂ ውስጥ የምትኖር ስለሆነች ስታመልጥ ወደ ላይ ነው የምትወጣው። ወደ አዲስ ሳጥን ሳዛውራት አምልጣኝ ወለሉን ስናስስ ቆይተን በመጨረሻ ያገኘናት ከግድግዳ ሰዓቱ ጀርባ፣ እግሮቿን በሰዓቱ ዙሪያ ክብ አስተካክላ ተጣብቃ ነው። የዚህ ወገን ሸረሪት የሚያሳክክ ፀጉር የላትም፤ ንክሻዋ ግን ለቀናት የሚመላለስ ከባድ የጡንቻ ቁርጠት ያመጣል፤ ፍጥነቷም ዓይን አይከተለውም። እንዲህ ያለችውን ሸረሪት መክበብ ሳይሆን ከፊቷ ሰፊ ዕቃ አስጠግቶ ከኋላዋ በረጅም ብሩሽ ጫፍ እየነኩ ራሷ እንድትገባ ማድረግ ነው የሚሻለው።

በዱቄቱ ላይ ግን አልስማማም። በረሮ ባለበት ሕንፃ ወለል ላይ ዱቄት መነስነስ በረሮን መጥራት ነው፤ ክፍል በክፍል በፎጣ እየዘጉ መፈለጉ ይበቃል። ዱቄት ካላችሁም ለምግብ የሚሆነው ዱቄት ይሁን፤ ለተባይ ተብሎ የሚሸጠውን ነጭ ብናኝ በስሕተት እንዳትነሰንሱ፤ እሱ የነፍሳትን ገላ አድርቆ የሚገድል ስለሆነ ሸረሪቷንም አይምራትም።

እህቴን አንድ ጥያቄ ልጠይቃት፦ ልጅሽ በቅርቡ እግሮቿ በደንብ የሚታዩበት ፎቶ አንሥቷት ነበር? የወንድ ታራንቱላ የፊት እግሮች ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ከታች በኩል ሜንጦ የመሰለ ነገር ያወጣሉ። ወንድ ከሆነ ሴት ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚዞር አንድ ቦታ ይቀመጣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሴት ከሆነች ግን የተመቻትን ስንጥቅ ካገኘች እዚያው ትሰነብታለች።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሸረሪቷ ተገኝታለች፤ በሕይወትም አለች።

አስተዳደሩ ርጭቱን ለእኛ ቤት ለጊዜው አቆይቶልናል። ልጄ በቅርቡ ያነሣቸውን ፎቶዎች አይቶ እግሮቿ ላይ ሜንጦ የሚመስል ነገር እንደሌለ፣ ሴት ሳትሆን እንደማትቀርም ነገረኝ። በእናቴ ክፍልና በመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ብቻ በጣም ስስ ዱቄት ነሰነስን፤ ጠዋትም ከመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ በመርፌ ጫፍ የተጠቀጠቁ የሚመስሉ ነጥቦች ሁለት ሁለት ሆነው፣ በመካከላቸው የሆዷ ሳይሆን አይቀርም ብለን የገመትነው ደብዛዛ መስመር ተሰምሮ አየን። እናቴ ይህን ሲሰሙ «ገጠር ተባይ ሁሉ የሚሰበሰበው ከእንስራው ሥር ነው፤ ውሃ የሚንጠባጠብበትን እዩ» አሉ። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧ ትንሽ ያንጠባጥባል። በዚያው ሌሊት ልጄ መነጽር አድርጎ በሆዱ ተኝቶ በቀይ ባትሪ ሲያይ፣ ቧንቧው ግድግዳውን ከሚበሳበት ክፍተት የሁለት እግር ጫፍ ብቻ ወጥቶ ታየው። ቀዳዳውን በብሩሽ አልነካነውም፤ ሙሉ በሙሉ እስክትወጣ ጠበቅናትና ዕቃ ደፋንባት።

አሁን የሚያሳስበን ሁኔታዋ ነው። ሆዷ ከስቶ ተጨማድዷል፤ እግሮቿም እንደ ወትሮው አልተዘረጉም፣ ወደ ውስጥ ሰብሰብ ብለዋል። በአንዱ የኋላ እግሯ ጫፍ ላይ የሰው ፀጉርና የምንጣፍ ፈትል ተጠምጥሞበታል። እናጥባት? እንመግባት? ፈትሉንስ እናላቅቀው?

ሸረሪት አርቢ፣ ሲያትል

እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ለልጅዎ ደግሞ በተለይ። አትጠቧት፣ ውሃም አትርጩባት። ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በውሃ ነክራችሁ የጨመቃችሁትን ወረቀት አንጥፉና ጠፍጣፋ የውሃ ሳህን አኑሩ፤ ራሷን አዙራችሁ የፊት ገላዋ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። አፏ ከክራንቻዎቿ ሥር ስለሆነ በዚህ አቀማመጥ ራሷ ትጠጣለች። ሆዷን ግን ውሃው ውስጥ አትንከሩት፤ መተንፈሻዎቿ ከሆዷ በታች ስላሉ ትታፈናለች። ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጧትና በየጊዜው እየከፈታችሁ አትዩአት። ጠጥታ ሆዷ ሞላ ማለት ሲጀምር፣ እግሮቿም ሲዘረጉ ታያላችሁ። እስከዚያ ፌንጣ አትስጧት፤ የደከመች ሸረሪት ያላት አቅም ራሷን ከፌንጣ እንኳ ላያድናት ይችላል።

ፈትሉን እንድትጠነክር ከጠበቃችሁ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ አርጥባችሁ ሞክሩት፤ የላላ ጫፍ ካገኛችሁ በወረንጦ ሳቡት። እምቢ ካለ ተዉት፤ ቅርፊቷን ስትቀይር አብሮ ይወልቃል። እግሩን እንኳ ብታጣ በሚቀጥሉት ቅርፊት ቅየራዎች ቀስ በቀስ ይበቅልላታል፤ ጎትቶ ገላዋን ማቁሰል ግን ደሟን አፍስሶ ሊገድላት ይችላል።

በወንፊቱ ፈንታ የአክሪሊክ (ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ) ክዳን አስቆርጡ። ጨርቅና ስስ ፕላስቲክ በክራንቻዋ ትበጥሰዋለች፤ የሽቦ ወንፊት ደግሞ ባትበጥሰውም የእግሯ ጥፍር ይያዝበትና ተንጠልጥላ ትቀራለች ወይም ትወድቃለች። ክዳኑ ላይ የአየር ቀዳዳዎችን በመሰርሰሪያ ብሱ፤ ስፋታቸው የፊት ገላዋን ከሸፈነው ጠንካራ ቅርፊት እጅግ ያነሰ ይሁን፤ ሆዷ ስለሚጨመቅ የሚያሳልፋትና የሚያግዳት የዚያ ቅርፊት ስፋት ነው። ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ከፍታም እግሮቿ ተዘርግተው ከሚይዙት ስፋት ከአንድ ተኩል እጥፍ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ አፈር መጨመር ይህን ያስተካክለዋል። ክዳኑ ሲገጠም ልጅዎ በየጠርዙ እርሳስ እያስጠጋ ይሞክረው፤ እርሳሱ የሚገባበት ክፍተት ከተገኘ ሸረሪቷን ከማስገባታችሁ በፊት ይደፈን፤ መቆለፊያውም በሁለቱም በኩል ይሁን።